መቃብር የሚጠረግበት ቀን ግጥም

በለጥሽ ጆሃንስበርግ ዳር ኦሬንጅ ፋርም በሚባል ሰፈር፣ ያገሬው ሰው "ስፓዛ" የሚለው ዓይነት ትንሽ የሰፈር ሱቅ አላት። ሳሙናና ሻማ የምታመጣው መሃል ከተማው አጠገብ፣ ፎርድስበርግ፣ በጅምላ ከሚሸጡት ሽማግሌ ቻይናዊ ነው፤ አባት ለማለት በዙሉዎቹ ወግ "ባባ ዌን" ትላቸዋለች። ሽማግሌው ያገራቸው በዓል በመጣ ቁጥር በጥንት ዘመን የተገጠመ ግጥም በብሩሽ ጽፈው ከሱቃቸው መደርደሪያ በላይ ይለጥፋሉ። ለአዲስ ዓመት አንድ፣ ጨረቃ ሙሉ ለምትሆንበት በዓል ሌላ። በለጥሽ ምን እንደሚል ጠይቃ አታውቅም። ዕቃዋን አስጭና ወደ ታክሲዋ ትሮጣለች።

ባለፈው ኅዳር ዘራፊዎች ባሏን ዓብዩን እዚያው ኦሬንጅ ፋርም ሱቃቸው ውስጥ ገደሉት። የቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች ተረባርበው አስከሬኑን ወደ አገሩ ወደ ሆሳዕና ላኩላት። እሷ ግን አብራው መሄድ አልቻለችም። በጥገኝነት ወረቀት የሚኖር ሰው አንዴ ከወጣ መመለሻ የለውም፤ ልጆቿ ደግሞ እዚህ ናቸው። አማቷ፣ የዓብዩ እናት፣ ይህን ሊረዱላት አልቻሉም። ከቀብሩ ወዲህ ስልኳን አንሥተውላት አያውቁም።

መጋቢት መገባደጃ ላይ ዕቃ ልትጭን ስትሄድ ነጭ ወረቀት ላይ የተጻፈ ግጥም አየች። ባባ ዌን ብቻቸውን ቆመው ያነቡታል። ዓይናቸው ቀልቶ ስላየች ምን እንደሚል ጠየቀቻቸው። ቀኑ መቃብር የሚጠረግበት በዓል እንደሆነ፣ የገጠመውም ለሥራ ሩቅ አገር የተላከ ሹም እንደነበረ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነገሯት። ከዚያ ቀስ እያሉ ተረጎሙላት፦

"በሰው አገር የደጄን ቅጠል እጠርጋለሁ፤ አባቴ መቃብር ላይ የወደቀውን ማን ያነሣዋል?"

በለጥሽ ወደ ወረቀቱ ጠጋ አለች።

"ሰውዬው በኋላ አገሩ ገባ?"

"አልገባም" አሏት።

የባባ ዌን ሚስት የተቀበሩት እዚሁ ጆሃንስበርግ ነው። ሱቃቸውን ዘግተው ወደ መቃብሩ ሲሄዱ በለጥሽም አብራቸው ሄደች። በዚያ አገር ወቅቱ ቅጠል የሚረግፍበት ነውና ቅጠሉ የመቃብሩን ድንጋይ ሸፍኖታል። መጥረጊያውን ከእጃቸው ተቀብላ፣ አይታቸው የማታውቃቸውን ሴት መቃብር ጥርግ አድርጋ አጸዳች። ሽማግሌው ግጥሙን በቋንቋቸው ሲያነቡ እሷ ባማርኛ ተከተለቻቸው፤ "አባቴ" በሚለው ፈንታ "ዓብዩ" አለች። ሬሳውን ስትሸኝ ያልወጣላት ልቅሶ ያን ጊዜ ወጣላት። ባባ ዌን እስኪበቃት ድረስ ጎኗ ተቀምጠው ጠበቋት።

እዚያው የመቃብሩ በር ላይ ሆና ለአማቷ ደወለች። አነሡት። የዓብዩ መቃብር እንዴት እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

"ሣር ወርሶታል" አሉ አማቷ። "ማንንም አላስነካሁም። ሚስቱ መጥታ ታጽዳው ብዬ ነው። መቼ ነው የምትመጪው ልጄ?"

በለጥሽ መምጣት እንደማትችል ልትነግራቸው አሰበችና ተወችው።

"እመጣለሁ፣ እማዬ" አለቻቸው።