የሙሽራ ካባ ደጅ አይሰፋም

ባለፈው ሰኞ ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ፒያሳ በሚወጣ ታክሲ ውስጥ ጉልበቴን አጣጥፌ ተቀምጬ ነበር። አጠገቤ ሁለት ጎረምሶች ያወራሉ። አንደኛውን አንድ ደላላ ቤት አገኝልሃለሁ እያለ ሲያመላልሰው ከርሟል መሰለኝ፣ ጓደኛው እየሳቀ «ቀደዳ ነው ብዬህ አልነበር? ሰውዬው የታወቀ ቀዳጅ ነው» አለው። ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ። ልጆቹ ሽማግሌውን ምን ነካው ብለው ዞረው አዩኝ።

ዛሬ በአራዳ ልጅ አፍ ቀደዳ ማለት ውሸት ነው። በእኔ ጉርምስና ግን መቅደድ የክብር ቃል ነበር። መርፌ መያዝና የስፌት መኪና መርገጥ ማንም ይለምደዋል። ከጥቅል ጨርቅ ላይ የሰው ትከሻና ወገብ ታይቶት፣ መቀሱን አንስቶ ሳያመነታ የሚቀድ ሰው ግን በጣት የሚቆጠር ነበር። ቅድ የሚያውቅ የራሱ በረንዳ ይኖረዋል፤ የማያውቅ ፀጉሩ እስኪሸብት በሰው በረንዳ ላይ የሰው ልብስ ጠርዝ ሲቀመቅም ይኖራል። እኔ የምፈልገው በረንዳ ነበር። እናቴ ጉለሌ ጥግ በተከራየናት ጎጆ ጥጥ ስትፈትል ዓይኗ እየደከመ ነበርና፣ የማሳርፋት በዚያ ነው ብዬ ቆርጫለሁ።

ፒያሳ የሚባለው ስም ያን ጊዜ አልመጣም፤ ጣሊያን ይዞት የመጣ ነው። እኛ አራዳ ነበር የምንለው። ከጊዮርጊስ በታች ወደ ገበያው በሚወርደው መንገድ ግራና ቀኝ ልብስ ሰፊዎች በየበረንዳው ይደረደራሉ። ጠዋት ጠዋት ከግሪኩ ዳቦ ቤት የሚወጣው ሽታ የባዶ ሆድ ጠላት ነበር። ክረምት ሲገባ ባሕር ዛፍ የጫኑ አህዮች መንገዱን አቡክተውት ይሄዳሉ፤ እኛ ደግሞ ጭቃው በደንበኛ ጨርቅ ላይ እንዳይረጭ ጆንያ ስንጋርድ እንውላለን።

እናቴ ለሙያ የሰጠችኝ ለባሻ ይርጉ ነው። ባሻ ክርስትና ያነሱኝ አባቴ ናቸው፤ ወላጅ አባቴን ስለማላስታውሰው፣ አባባ ብዬ የጠራሁት ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ረጅም፣ ንጹሕ ለባሽ፣ ሲስቁ ትከሻቸው የሚንቀጠቀጥ ሰው ነበሩ። እናቴ ድፎ ዳቦና አንድ ጠርሙስ አረቄ ይዛ ሄደችና ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ አለች።

«ባሻ፣ ልጁ የእኔ ብቻ አይደለም፤ የእርስዎም ነው» አለች።

«ተይ፣ ተይ፣ ቀና በይ» አሉ አንስተው እያቀፏት። «ቅድ ሳላሳየው አልለቀውም። ማርያምን!»

ገባሁ። የከሰል ካውያ ማራገብ፣ መኪና ዘይት ማጠጣት፣ የቁልፍ ቀዳዳ መጥለፍ፣ ቅምቀማ፣ ሁሉንም ተማርኩ። አላማርርም፤ በዚህ በኩል ጥሩ መምህር ነበሩ፣ ስፌቴ ከተጣመመ በጥፍራቸው ፈትተው በትዕግሥት ያስጀምሩኛል። ጨርቅ የሚቀደድ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። መቀሱን ሲያነሱ ጀርባቸውን ይሰጡኛል፤ ወይም ድንገት ክር አልቆባቸው ወደ አረቡ ሱቅ ይልኩኛል። ስመለስ ጨርቁ ተቀዶ፣ ተጠቅልሎ ይጠብቀኛል። «ቅድ መቼ ያሳዩኛል?» ስላቸው «ከፋሲካ በኋላ» ይሉኛል። ፋሲካ ያልፋል። «መስቀል ይውጣ» ይሉኛል። መስቀልም ይወጣል። ክረምት በክረምት ላይ እየተደረበ ጢሜ አቀመቀመ፣ እኔ ግን አሁንም ጠርዝ ቀምቃሚ ነበርኩ። አልተቀየምኳቸውም። ባለሙያ ሙያውን ቶሎ አይሰጥም ይባል ነበር፤ እኔም አመንኩ።

አንድ የኅዳር ቀን እትዬ አስካለ መጡ። እትዬ አስካለ የማር ነጋዴ ናቸው፤ ትልቅ ግቢ፣ ከመንገዱ ፊት ለፊት ሰፊ በረንዳ አላቸው። ከጥምቀት በኋላ ልጃቸውን ሊድሩ ነውና ለሙሽራው ካባ ከሕንዱ ሱቅ ጥቁር ከፋይ፣ ያን ለስላሳ የክብር ጨርቅ፣ ገዝተው ይዘዋል። በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው ቀደም ሲል የቀመቀምኩላቸውን ነጠላ ጫፍ እያገላበጡ አዩና፣

«ባሻ፣ ካባውን ይኼ ልጅ ከቅዱ ጀምሮ ይሥራልኝ» አሉ። «እጁ ጥሩ ነው። ካማረልኝ ያን ባዶ በረንዳዬን እሰጠዋለሁ፤ ሰፊ ጎረቤት ቢኖረኝ እወዳለሁ።»

መርፌዬን ትቼ ቀና አልኩ። ባሻ ግን ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁ። «ምን ችግር አለ? ልጄ አይደል!» አሉና ጭንቅላቴን ዳበሱኝ። በማግሥቱ፣ ያን ሁሉ ክረምት ስለምነው የኖርኩት ነገር ሳልጠይቅ መጣ። አቡጀዲ ዘረጉ፣ መቀሱን በገዛ እጃቸው እጄ ላይ አስቀመጡ። እናቴ ስትሰማ እልል ብላ ጎረቤት ሰበሰበች።

በአቡጀዲ ቀን በቀን አለማመዱኝ። «አንደኛውን ጎን ወደ ላይ፣ ሌላውን ገልብጠህ ወደ ታች አድርግና ቅደድ። ሰፊው ከጠባቡ ይገጥማል፣ ጨርቅም ይተርፋል» አሉኝ። እውነትም ይገጥማል፤ ደስ ይል ነበር። እጄ ሲጠና የእትዬ አስካለን ከፋይ ፊቴ ዘረጋሁና፣ መቀሱን ከማሳረፌ በፊት ጠየቅኳቸው።

«አባባ፣ ከፋይስ እንደዚሁ ነው?»

«ጨርቅ ጨርቅ ነው» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይልቅስ አንድ ነገር ልንገርህ። የሙሽራ ካባ ደጅ አይሰፋም። አላፊ አግዳሚው ዓይኑን ይጥልበታል፤ ሙሽራው ሳያገባ ይታመምብሃል። ጓዳ ግባ፣ መጋረጃውን ጣልና ስፋ። እስኪለብሰውም ከተጠቀለለበት ጨርቅ አታውጣው» አሉኝ።

እናቴም ብትሆን ይህንኑ ትለኝ ነበር። ለእኛ ቤት የሰው ዓይን ከወባ የከፋ ነበር። ጓዳ ገባሁ። በቀዳዳ በምትገባ ጭላንጭል፣ ዓይኔ እያለቀሰ፣ ያን ካባ ሰፋሁት። በሕይወቴ እንደዚያ የተጠነቀቅኩለት ልብስ የለም። ወርቀ ዘቦውን ስገጥም ትንፋሼን እይዝ ነበር። አሁን ሳስበው «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የተባለው ለእኔ ነው።

የሠርጉ ቀን ፀሐይዋ የጥር ፀሐይ ነበረች፤ ግቢው በዳስ ተሞልቷል፣ የወጡ ሽታ እስከ ጊዮርጊስ ድረስ ይጠራል። እናቴ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ፣ ባሻ ከክቡራኑ ጋር ተቀምጠው፣ እኔ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። ሙሽራው ከቤት ወደ ደጅ ወጣ። በመጀመሪያ እልልታ ሆነ። ከዚያ እልልታው እየሳሳ መጣ። በፀሐዩ የካባው ቀኝ ጎን እንደ ከሰል ጠቁሯል፤ ግራው ግን አመድ የነሰነሱበት ይመስላል። ሙሽራው ሲዞር ጠቁሮ የነበረው ይነጣል፣ ነጥቶ የነበረው ይጠቁራል። ከሚዜዎቹ አንዱ አፉን ያልታሠረ የአራዳ ልጅ ነበርና፣ «ኧረ የሙሽራው ግራ ጎን ከቀኙ ቀድሞ አረጀ!» አለ። ዳሱ በሳቅ ፈረሰ።

እትዬ አስካለ ፊታቸው ተለዋወጠ። ባሻ ከመቀመጫቸው ተነሥተው መጡ፣ መዳፋቸውን በከፋዩ ላይ ወደ ታች ሳቡት፣ መልሰው ወደ ላይ ሳቡት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አይ ልጄ! ከፋይ ጠጉር አለው፣ ጠጉሩን ተከትለህ ሁሉንም ወደ አንድ ወገን ቅደድ፣ አትገልብጠው እያልኩ ስንት ጊዜ ነገርኩህ?» አሉኝ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። መገልበጡም፣ ጨርቅ ጨርቅ ነው ማለታቸውም፣ ጓዳውም፣ መጋረጃውም ገባኝ። የሰው ዓይን አልነበረም የተፈራው። ፀሐይ ነበረች።

እትዬ አስካለ ወደ እኔ ዞሩ። «ነግረውሃል?» አሉኝ።

እናቴን አየኋት። ባሻን አየኋቸው። ዓይናቸውን አልሰበሩም፤ ረጋ ብለው ይጠብቁኛል። ክርስትና ያነሱህን አባት፣ ሽማግሌ ሰው፣ በሠርግ ዳስ መሐል፣ እናትህ ፊት «ዋሽተዋል» ብሎ የሚያዋርድ ልጅ ከዚያ በኋላ በየትኛው ደጅ ይቆማል? ይህን እሳቸው ከእኔ በፊት አስበውታል።

«ነግረውኛል» አልኩ።

ባሻ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉና ወደ ሰዉ ዞሩ። «ስሕተቱን ያምናል። ያሳደግሁት ልጅ ነው፤ ግብረ ገብ አለው» አሉ። ሽማግሎቹ «ይባረክ» አሉኝ። እናቴ አንገቷን ደፋች። በረንዳው የዚያን ቀን ከእጄ ወጣ።

በማግሥቱ ብቻቸውን ሳገኛቸው ጠየቅኳቸው። ካውያውን እያራገቡ፣ ሳይቆጡ፣ «አንድ መንገድ ላይ ሁለት ቀዳጅ አይበላም፣ ልጄ። አንተ ወጣት ነህ፣ ሌላ ቦታ ታገኛለህ። እኔ ወዴት እሄዳለሁ?» አሉኝ። ከዚያ፣ ልክ እንደ ወትሮው፣ ክር እንዳመጣ ላኩኝ። ወጣሁና አልተመለስኩም።

ሙያውን በኋላ ጨረስኩት። አንድ አርመን ልብስ ሰፊ እጄን ይዞ ከፋይ ላይ ወደ ታች፣ ወደ ላይ አስዳሰሰኝ፤ ያ ሁሉ ምሥጢር ይኼው ነበር። በረንዳም በጊዜው አገኘሁ፤ እናቴ ግን ሳታየው ሞተች። ልጇ የተነገረውን የማይሰማ ነው ብላ እንዳፈረች ሞተች፤ እውነቱን ለእሷም አልነገርኳትም። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ካባውስ ጨርቅ ነው።

ባሻ ካረፉ ዘመን አልፏል። የሚያውቃቸው ሰው አሁን የለም፤ ይሉኝታዬም ሊያበቃ ይገባ ነበር። ይህን ጽሑፍ ስጀምር አንድ ነገር ቆርጬ ነበር፤ በቁጣ ሙሉ፣ ከላይ እስከ ታች «እሱ» እያልኩ ልጽፍባቸው። አሁን ደግሜ አነበብኩት። አንድ ቦታ እንኳ አላልኩም።