ማዳም የምንሆንበት ዓርብ

ውዴን ከዚያ ቤት ያስወጣኋት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ሌላ ነገር ቢያወራ አትስሙ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ የእኔ አፍ ግን አላመለጠኝም፣ አውቄ ነው የለቀቅሁት።

አራት ነበርን፤ ዘቢባ፣ ሰብሪና፣ ውዴና እኔ ውብነሽ። በተሰደድንባት ከተማ፣ ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር፣ ከአከራያችን ከዓዚዛ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይተናል። ሁላችንም ሰው ቤት እያደርን የምንሠራ ስለሆንን ክፍሏ ለሻንጣችንና ለዓርብ ዕረፍታችን ናት። ዓዚዛ ክፉ ሴት አይደለችም። አንድ ሕግ ግን አላት፤ ሥራ የሌላት ሐበሻ ግቢዋ ውስጥ አታድርም። አፈሳ ሲመጣ መጀመሪያ የምትታፈሰው አሠሪ የሌላት ናት፣ በእሷ ሰበብ ደግሞ ግቢው በሙሉ ይበረበራል። እኛም ሕጉን ወደነዋል፤ ሥራ እስካለን ድረስ ምን ቸገረን።

በየወሩ የመጀመሪያ ዓርብ ታዲያ ልማድ ነበረን። እያንዳንዳችን ከምንሠራበት ቤት የተረፈ ምግብ በክዳን ሸፍነን እናመጣለን። መልኩ እንዳያታልለን ዓይናችንን በነጠላ አስረን ባለሳህኗ ስታጎርሰን እንቀምሳለን፣ በጣም የጣፈጠውን እንመርጣለን። እሱን ያመጣችው የዕለቱ ማዳም ትሆናለች፤ ብቸኛዋ ወንበር ላይ ጉብ ብላ ውሃ አምጪ፣ ይሄ ሩዝ ለምን ቀዘቀዘ፣ አንቺ ደደብ እያለች ታዛለች። የመጨረሻዋ ገረድ ትሆናለች። እኛ እስክንጠግብ ቆማ ታስተናግዳለች፣ ትሰደባለች፣ የተረፈ ካለ ትበላለች። ጨዋታ ነው እያልን እንስቃለን እንጂ ወር ሙሉ የጠጣነውን ስድብ ነበር የምንተፋው። ዓርብ የጾም ቀን ስለሆነ ሥጋ አይገባም፤ ዓሣ ይበላል አይበላም ብለን ከውዴ ጋር ተጨቃጭቀን ይበላል ያልኩት እኔ ረታሁ።

አምስት ወር በተከታታይ ማዳም የሆንኩት እኔ ነኝ። ራስ ዲካ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር የምሠራበት ቤት እንግዳ አይጠፋውም፤ እጄም ባለሙያ ነው፣ ምን ላድርግ! ገረድነቱ ደግሞ የውዴ ርስት ነበር። የወሎ ልጅ ናት፣ ዝምተኛ፤ ልጇን ለእናቷ ጥላ በረሃውን በእግሯ አቋርጣ የመጣች። የምታመጣው ሁልጊዜ ደረቅ ዳቦና ምስር ነው። ስንሰድባት አንገቷን ደፍታ ፈገግ ትላለች። ያ ፈገግታዋ ያበግነኝ ነበር።

አንድ ወር ላይ ነገር ተበላሸብኝ። ሐሙስ ለምሳ ትልቅ ዓሣ ሠራሁ። ሆዱን በነጭ ሽንኩርትና በቲማቲም ሞልቼ ሰፋሁት፣ ነጭ ክር ስላለቀብኝ በሰማያዊ። እንግዶቹ ግማሹን ተዉት። የነገው ወንበር የእኔ ነው ብዬ ልቤ ሞልቶ ሳለ አሠሪዬን ድንገት ጽድቅ አማራትና በር ላይ ለቆሙት ድሆች ይሰጥ አለች። ዘበኛው ሙጠሊብ ወስዶ አከፋፈለው። አንጀቴ አረረ። ዓርብ ይዤ የሄድኩት የተልፈሰፈሰ ፓስታ ነበር።

የውዴን ሳህን ስቀምስ አፌ ውስጥ ክር ገባ። ነጠላውን ገልጬ አየሁት፤ ሰማያዊ። ዘቢባና ሰብሪና ዓይናቸው እንደታሰረ፣ ዛሬስ ማዳሟ ውዴ ናት፣ በፓስታዋ ገረድ የምትሆነውም ታውቃለች እያሉ ይንከተከታሉ። ውዴ ዓይን ዓይኔን አየችኝና ራሷን በቀስታ ነቀነቀች፣ አደራ እንደማለት። ያን ጊዜ ሁሉም ገባኝ። ከሥራ ተባራለች፣ ደብቃናለች፣ ምግቡንም ያገኘችው እኔው የምሠራበት ቤት በር ላይ ከድሆቹ ጋር ተሰልፋ ነው። ዝም ብል አንድ ቀን ቆሜ ማስተናገድ ብቻ ነበር የሚጠብቀኝ።

«ይሄ እኔ የሠራሁት ዓሣ ነው» አልኩ። «ከለማኞች ጋር ተሰልፈሽ የተቀበልሽውን ነው የምታቀርቢልን?»

ድምፄ ወፍራም ነው። ዓዚዛ ደጅ ልብስ ታሰጣ ነበር፣ አማርኛም ትሰማለች። ገብታ አሠሪሽ ማን ነው ብላ ጠየቀቻት። ውዴ መዋሸት አልቻለችም፤ ከተባረረች ስድስት ሳምንት ሆኗታል። ዓዚዛ አሁኑኑ ውጪልኝ አለች። ውዴ ሻንጣዋን ዘግታ ወደ እኔ ዞረች።

«ያንቺ እጅ መሆኑን እያወቅሁ ነው ያመጣሁት» አለች። «ማታ እንኳ ርቦኝ አልነካሁትም። ብታውቂም ዝም ትያለሽ ብዬ ነበር።»

ከወጣች በኋላ ዘቢባ ዓሣው እንዳይበላሽ አለች። አጥንቱ እስኪቀር በላነው።

በሳምንቱ ሙጠሊብ ማድ ቤት መጥቶ አንዲት ሐበሻ በር ላይ ቆማ በስምሽ ትጠራሻለች አለኝ። በመስኮት አየኋት። ቀሚሷ ያው የዚያን ዕለቱ ነው፣ ከንፈሯ ደርቋል። አሠሪዬ ሳሎን ነበረች። የማውቃት ሴት ስትለምን ካየች ምግብ ደብቄ የማወጣላት ይመስላትና እኔንም ታባርረኛለች። ሥራ የሌላት ሴት ምን እንደሚደርስባት ደግሞ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ፈራሁ። ዓይኗን ማየትም አፈርኩ።

«አላውቃትም» አልኩት። «አባርራት።»

ጥቂት ቆይቶ ተመለሰና የክፍላችንን ቁልፍ እጄ ላይ አስቀመጠ። ተሳስታ ይዛው ሄዳ ኖሯል። ከጠፋ ዓዚዛ በእናንተ ላይ ትጮህባችኋለች ብላ ይህን ልትመልስ ነው የመጣችው አለኝ።

የሚበላ ነገር ሰጠሃት ወይ ብዬ ጠየቅሁት። አልጠየቀችም አለኝ።