የጠፋው ሁሉ የተገኘበት ጋራዥ

ቡራዩ ላይ ቤት ስንሠራ ከሳሎኑ ቀድሞ ያለቀው ጋራዡ ነበር። መኪና አልነበረንም፤ አሁንም የለንም። ያኔ በሰፈራችን ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ ጋራዥ ይሠራ ስለነበር፣ እኛም መኪናው ሲመጣ ማደሪያ አይቸግረው ብለን ሠራን። መኪናው ሲዘገይ እኔ ገባሁበት። መጀመሪያ ከግንባታ የተረፈ ሚስማር አስቀመጥኩ። ቀጥሎ የተረፈ ፌሮ፣ የተረፈ ጣውላ፣ ግማሽ ጣሳ ቀለም። ከዚያ በኋላ የገባውን እኔም በቅጡ አላውቀውም።

እኔ መንገድ ላይ የወደቀ ብሎን አይቼ ማለፍ አይሆንልኝም። ጎንበስ ብዬ አነሳና «አንድ ቀን ያስፈልጋል» እላለሁ። እንዲህ እያልኩ በር የሌለው ፍሪጅ አስገባሁ፣ የተሰበረ የአልጋ እግር አስገባሁ፣ ውሃ ቀድቶ የማያውቅ ፓምፕ አስገባሁ። ባለቤቴ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እያለች ትተርትብኛለች። «ወረቀት እንኳ አልሰበስብም» ስላት «ታዲያ ማን ቀረ?» ትለኛለች።

ጋራዡን የምወደው ለዕቃው ብቻ አልነበረም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቤት ውስጥ የትም ብቀመጥ ያ ቦታ ወዲያው ሥራ ይወጣለታል። ሳሎን ስቀመጥ «ተነስ ልጥረግበት» ይመጣል። በረንዳ ስወጣ «እስቲ ፈቀቅ በል፣ ልብስ ላሰጣ» ይከተላል። ፈቀቅ በል የማልባልበት ቦታ ጋራዡ ብቻ ነበር፤ እዚያ ፈቀቅ ልበል ብልም መሄጃ የለም። ብረት ከምይዝበት ሞርሳ አጠገብ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጬ አንድ የተበላሸ ነገር ስፈታ ለአንድ ነገር የምጠቅም ሰው መስዬ ይታየኛል። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለባለቤቴ ግን መንገር ነበረብኝ።

ሳልነግራት አንዲት የዶሮ መኖ ነጋዴ ከሰበታ መጣች። ቡራዩ ላይ ቅርንጫፍ ልትከፍት ቤት ትፈልጋለች፤ ባለቤቴ ደግሞ በሩ ወደ መንገድ የሚከፈት ጋራዥ አላት። ሴትዮዋ በሩ ሲከፈት ወደ ውስጥ አየች፣ አንድ እግሯን አስገባች፣ ከዚያ እግሯን መልሳ አወጣች። «ሲጸዳ ደውይልኝ፣ እህቴ» ብላ ሄደች።

ማታውኑ ክርክር ያዝን። ባለቤቴ ነገሯን ቆርጣለች። የኅዳር ሚካኤል ማኅበር ተረኞች እኛ ነን፤ ማኅበርተኛው በዝቶ ሳሎን አይበቃውም፤ ድንኳን ለመከራየት አቅም የለም። «ጋራዡን ለማኅበሩ ካደረስከውና እንደ ሰው ቤት ከሆነ ያንተ ይሁን፤ አንድ ቃል አይወጣኝም» አለች። «ካልሆነ ግን ለዶሮዎቹ እሰጠዋለሁ። አንድ ብር ደግሞ ከእኔ እንዳትጠብቅ።»

እንግዲህ ያለ ብር ጋራዥ ማደራጀት ማለት ሰው የጣለውን በሌላ ሰው በጣለው ላይ መስቀል ነው። ሰበታ ፋብሪካ የሚሠራ ጓደኛ አለኝ፤ ዕቃ የሚጫንባቸው የተሰባበሩ የእንጨት ፓሌቶች እንዲሰጠኝ ለመንኩት። በሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ፣ ታክሲ እየቀያየርኩ አመጣኋቸው። አንዱ ረዳት «ፋዘር፣ ይሄ ሁሉ ዘመድህ ነው?» ብሎኝ ለእያንዳንዱ ፓሌት እንደ ተሳፋሪ አስከፈለኝ። ፓሌቱ ሲፈታ መደርደሪያ ሆነ። የቢጫ ዘይት ጄሪካኖችን ሆድ ቀድጄ፣ እጀታቸውን ትቼ፣ ለሚስማሩ በየመጠኑ መሳቢያ አደረግኳቸው። የማርማላታ ብልቃጦችን ክዳን ከመደርደሪያው ሥር በሚስማር መታሁና ብልቃጡን ከታች ማዞር ብቻ ሆነ። የመጀመሪያው ቀን ክዳኖቹን በአጭር ሚስማር ስለመታኋቸው ሁሉም ተያይዘው ወረዱ። ባለቤቴ ድምፁን ሰምታ ከወጥ ቤት «ዶሮዎቹ ገቡ እንዴ?» አለች።

ከክምሩ ሥር ያልወጣ ነገር የለም። ባለቤቴ ሠራተኛ ወሰደችው ብላ ስታዝንበት የኖረችው ዘነዘና ወጣ፤ ለካ እኔ ብረት ላቃና ወስጄው ኖሯል። ተቀብላኝ በቀሚሷ ጠርጋ ወጥ ቤት አስገባችው። ራሴ ጠፋ ብዬ እንደገና የገዛሁት መጋዝ ወጣ። ድሪሉ ወጣ፣ የቧንቧ መፍቻው ወጣ፣ ውሃ ልኩ ወጣ። ፍሪጁንና ፓምፑን ለቆራሌው ስሰጥ ቆራሌው ፓምፑን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ «ይሄን እኔም አልፈልገውም» አለ፤ ለምኜ አስወሰድኩት።

መጨረሻ ላይ የኮራሁበትን ሥራ ሠራሁ። በግድግዳው ልክ አሮጌ ኮምፔርሳቶ መታሁ፤ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ ሰቀልኩ፤ ከዚያ ከግቢው በር በተረፈው ሰማያዊ ቀለም የእያንዳንዱን ዙሪያ ሣልኩ። መዶሻው ሲነሳ የመዶሻ ሥዕል ይቀራል። መሮው ሲነሳ የመሮ። አንድ ዕቃ ቢጎድል ከበር ላይ ሆኖ ይታያል። ባለቤቴ መጥታ ቆማ አየችው፤ ረጅም ጊዜ አየችው። «አሁን እንኳ ሰው ይገባበታል» አለች። ከእሷ አፍ ይህን መስማት ሹመት ነው። ጋራዡ የእኔ ሆነ ብዬ አደርኩ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!

የማኅበሩ ቀን አግዳሚዎቹን ፊታቸውን ወደ መሣሪያው ግድግዳ አድርጌ ደረደርኩ። ማን ከለከለኝ? ሰው ይይልኝ ነው። ጸሎት ተደረሰ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ጠላ ተቀዳ። ሰው ሁሉ እየበላ ዓይኑ ከግድግዳው አይነቀልም። የንስሐ አባታችን ሲመርቁ «ቤታችሁን የአብርሃም ቤት ያድርግላችሁ፤ የመጣ እንግዳ ባዶ እጁን አይመለስበት» አሉ። አሜን ያልኩት እኔ ከሁሉም ጮክ ብዬ ነው።

ምርቃት እንዲያ ቶሎ ሲደርስ አይቼ አላውቅም።

በሰፈራችን የተጠየቀ ዕቃ አይከለከልም። ዕቃ ኖሮት የከለከለ ሰው ለቅሶው ላይ እንኳ ይወራበታል። እኔ ግን ለዓመታት የሚጠይቀኝን ሁሉ «አለኝ፤ ግን የት እንደገባ እንጃ፤ ና ፈልግ» እያልኩ በሩን እከፍትለት ነበር። ያየ ሰው «አይ፣ ተወው፣ አትቸገር» ብሎ አዝኖልኝ ይሄዳል። ውሸት አልነበረም፤ እውነት አይገኝም ነበር። ያ ሁሉ ዝርክርክ ነገር አጥሬ እንደነበር የገባኝ አጥሩን ካፈረስኩት በኋላ ነው።

ቀድመው የተነሱት ሰፈሩ ሁሉ ኦቦ የሚላቸው ሽማግሌ ጎረቤታችን ናቸው። እኛ ሳንመጣ በፊት እዚሁ ያርሱ የነበሩ ሰው ናቸው። መጋዙ ሥር ሄደው ቆሙ።

«ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ መጋዝ ተገኘ እንዴ?»

«ተገኘ፣ አባቴ።»

«ኧረ እሰይ! እንኳን ተገኘልህ! ባለፈው ዓመት ብለምንህ ጠፋ ብለኸኝ፣ እኔ እንኳ ሌባ ወሰደበት ብዬ ስንቴ አዘንኩልህ!» ወደ ማኅበርተኛው ዞሩ። «የዚህ ልጅ ዕቃ ተገኘ!»

ቤቱ በሙሉ «እንኳን ተገኘልህ!» አለ። አንዳንዱ ከልቡ ደስ ብሎት እጄን ጨበጠ። ይሄ ነው የባሰው፤ ደስ ያላቸው ከልባቸው ነው። «በሉ አባቴ፣ ይውሰዱት» አልኩ። ምን ልበል? በሚካኤል ቀን፣ ጽዋው ፊት፣ መጋዙ ፊት ለፊት ተሰቅሎ «የት እንደገባ እንጃ» ይባላል?

«ገለቶሚ፣ ያ ኢልማ ኮ» ብለው አመሰገኑኝና መጋዙን በጋቢያቸው ጠቀለሉት።

ከዚያ በኋላ ሰልፍ ነበር ማለት ይቀላል። ሙሴው፣ ማለት የማኅበራችን መሪ፣ የቧንቧ መፍቻውን እንደ አደራ በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ድሪሉ ሄደ፣ ጉጠቱ ሄደ። ውሃ ልኩ ሄደ፤ የወሰደው ሰው ውሃ ልክ ምን እንደሚሠራ ጠይቆኝ ነው የወሰደው። መጨረሻ ላይ የንስሐ አባታችን ራሳቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉና የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላልቷል፣ መዶሻ ቢገኝ አሉ። መዶሻውን ተሳልሜ ሰጠሁ።

ሰው ሲወጣ ግድግዳው ላይ የቀረው ሰማያዊው ሥዕል ብቻ ነው። ባለቤቴ ዳቦውን እየሰበሰበች አየችና በሳቅ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። እኔ አልሳቅኩም። በነጋታው እሷም አልሳቀችም፤ ባዶውን ጋራዥ ጠርጋ ስትጨርስ «እንዲህ ሆኖ ባዶውን ከሚቀመጥ ይከራይ» አለችና ስልኳን አነሳች። የሰበታዋ ሴት በሳምንቱ መጥታ ልታየው ተቀጣጠሩ። ቃልሽስ እንዳልላት፣ ቦታውን የፈለግኩት ለዕቃዬ ነበር፤ ዕቃው የታለ? ጋራዡን እንዳጣሁት ቆጠርኩ። ሰው በዚህ ዕድሜው ለጋራዥ ያለቅሳል ቢሉኝ አላምንም ነበር።

ሴትዮዋ ከመምጣቷ በፊት ውሃ መጣ። ቡራዩ ላይ ውሃ በተራ ነው የሚመጣው፤ የመጣ ቀን ሰው ሥራ ትቶ ያጠራቅማል። ሮቶው መሙላት ሲጀምር የቧንቧው መጋጠሚያ ላላና ተፈናጠረ። ውሃው ግቢውን ዘሎ የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ይዘንባል። ባለቤቴ «መፍቻ! መፍቻ አምጣ!» ትላለች። ጋራዥ ገብቼ ያገኘሁት የመፍቻ ሥዕል ነው። ተመልሼ ቧንቧውን በጨርቅ ጠቅልዬ በሁለት እጄ ታገልኩት። የሳምንት ውሃችን በክንዶቼ መካከል ይሄዳል።

«መፍቻው የት ነው?» አለች።

«ሙሴው ጋ።»

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ወጣች። ስታልፍ የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ለምን እንዳነሳች አልገባኝም።

ቆይታ ስትመለስ እኔ ከእግር እስከ ራሴ ርሻለሁ። ሳፋውን በወገቧ ይዛዋለች። ውስጡ መፍቻው አለ፤ ግን መፍቻው ብቻ አይደለም። መጋዙ አለ፣ ድሪሉ አለ፣ ውሃ ልኩ አለ፣ ጉጠቱ አለ፤ ከላይ መዶሻው ተጋድሟል። ለቤተ ክርስቲያኑ አጥር የሰጠሁት መዶሻ! የየቤቱን በር እያንኳኳች አልፋ ኖሯል። ምን ብላ እንደተቀበለች ያኔ አልጠየቅኳትም፤ ውሃው ይቸኩል ነበር። በኋላ ኦቦ ነገሩኝ። «‹ዕቃዬን› አለችኝ» አሉ። «‹የባሌን ዕቃ› አላለችም። እኔም ፈራሁና ሰጠሁ። ሚስትህ እንጨት ቆራጭ እንደሆነች አላውቅም ነበር።»

መጋጠሚያው ጠበቀ፣ ሮቶው ሞላ። ከሰዓት በኋላ የሰበታዋ ነጋዴ ደወለች፤ መንገድ ላይ ነኝ አለች። ባለቤቴ መሣሪያዎቹን በየሥዕላቸው ላይ እየሰቀለች ነበር፤ ስልኩን በትከሻዋ ይዛ «አይ እህቴ፣ አትድከሚ፣ ተይዟል» አለቻት።

«ማን ያዘው?» አልኳት።

«እኔ» አለች። ከኪሷ የጋራዡን ቁልፍ አወጣች፤ አዲስ። «አንተ እምቢ ማለት አትችልም። እኔ እችላለሁ። ከእንግዲህ ዕቃ የሚፈልግ ሰው እኔን ይጠይቅ።»

ደስ አለኝ፤ ዋሽቼ ምን አገኛለሁ፣ በጣም ደስ አለኝ። ባልዲዬ ላይ ተቀመጥኩ፣ ሞርሳዬ አጠገቤ ነው፣ ተነስ የሚለኝ የለም። ሰፈሩም ለመደው፤ አሁንም ይዋሳል፣ ግን በቀኑ ይመልሳል። የንስሐ አባታችን እንኳ መዶሻውን ሲወስዱ የሚመልሱበትን ቀን ሳይጠየቁ ይናገራሉ።

ባለፈው ቅዳሜ የወንበር እግር ላስተካክል ፈልጌ ወጥ ቤት በር ላይ ቆምኩ።

«መዶሻ ፈልጌ ነበር» አልኩ።

ከሽንኩርቱ ቀና ሳትል «መጀመሪያ የሐሙሱን መሮ መልስ» አለችኝ።