ሙሉ ስሙ

ሀብተ ወልድ ከታኅሣሡ ግርግር በፊት የወታደር ሙዚቃ ጓድ አባል ነበር። የሚጫወተው ጉልበት መሀል የሚያዘውን፣ የቫዮሊንን ታላቅ ወንድም የሚመስለውን ባለ ክር መሣሪያ ነው። ጓደኞቹ በእንግሊዝኛ «ቼሎ» እያሉ ያሳጥሩታል፤ እሱ ግን አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ብሎት አያውቅም። ያስተማረው ፈረንጅ «እንግሊዞቹ ቼሎ የሚሉት ስንፍና ይዟቸው ነው። በእንግሊዝኛም ቢሆን ስሙ ጣሊያኖች ያወጡለት ነው፤ ቫዮሎንቼሎ። ቼሎ ብቻውን ጭራ ነው» ብሎት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው ቼሎ ሲል ከሰማ ሳያርም አያልፍም። ጓደኞቹም «ሙሉ ስሙ» የሚል ቅጽል አወጡለት።

ክፍላቸው ከአማፅያኑ ጋር ወግኖ ነበርና ግርግሩ ሲከሽፍ ከጓደኞቹ ብዙዎቹ ታሰሩ። እሱ ቫዮሎንቼሎውን ካምፕ ጥሎ ወደ መርካቶ ወረደ። እህል በረንዳ የሚነግደው የወሎው ሰው ባህረዲን የድሮ ጎረቤቱ ነበርና «ወርቁ ተብለህ ጆንያ ተሸከም፤ ከበረንዳው አትራቅ» ብሎ አስጠጋው።

ሀብተ ወልድ ጢሙን አሳደገ፤ ጣቶቹ ሻከሩ። ሲቪል የለበሱ ሰዎች በየጊዜው ብቅ ይላሉ። እህል አይገዙም፤ የተሸካሚዎቹን ፊት አይተው ይሄዳሉ። እነሱ በመጡ ማግስት አንድ ሰው ከሥራ ይቀራል። የት ገባ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ካፖርት የለበሰ ጎልማሳ ከበረንዳው ትይዩ ወዳለው የሁሪያ የልባሽ ዕቃ ሱቅ መጣ። ከኋላው ሌላ ሰው ትልቅ ባለ ክር መሣሪያ አቅፎ ይከተለዋል። የጤፍ ጆንያ ሲያወርድ የነበረው ሀብተ ወልድ የመሣሪያው አንገት ላይ ያለውን ጥቁር ሙጫ አየ። የጠገነው ራሱ ነበር።

«እትዬ፣ ይህን ይገዛሉ?» አለ ባለ ካፖርቱ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «በእንግሊዝኛ ቼሎ ይባላል።»

«ምን አደርገዋለሁ?» አለች ሁሪያ።

«ቼሎ ነው። ትክክለኛ ስሙ ይኸው ነው።»

ሀብተ ወልድ ዝም ማለት እንዳለበት ያውቃል። ባህረዲንም ከሚዛኑ ጀርባ ሆኖ ዐይን ዐይኑን እያየ «ተው» እንደማለት ራሱን በቀስታ ነቀነቀ። ባለ ካፖርቱ ክሩን በጥፍሩ ነካው። የላላ፣ የተጎሳቆለ ድምፅ ወጣ።

«ቼሎ» ብሎ ደገመ።

«ቫዮሎንቼሎ» አለ ሀብተ ወልድ። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የሰማው።

ባለ ካፖርቱ ፈገግ አላለም። ዘወር ሲል ብዙ የደከመ ሰው ይመስል ነበር።

«ሰሞኑን ገበያውን ሁሉ ቼሎ እያልኩ ስዞር ከረምኩ» አለ። «አትክልት ተራ ድረስ ሄጄ ነበር። የሚያርመኝ ጠፋ። በል ና፣ አንሣው።»

ሀብተ ወልድ የእጁን አቧራ በሱሪው ጠርጎ መሣሪያውን ተቀበለ። ጎኑ ተሰንጥቋል። መኪናው ጋ ሲደርሱ ሰውየው የኋላ ወንበር ላይ እንዲያጋድመው አዘዘው።

«በደረቱ አይተኛም፤ ይሰበራል።»

«አሁን የምታስበው ስለ እሱ ነው?»

ሀብተ ወልድ መሣሪያውን ጉልበቱ መሀል አድርጎ ተቀመጠ። በሩ ተዘጋ።

በማግስቱ ባህረዲን ምግብ ቋጥሮ ከአንዱ እስር ቤት ወደ ሌላው ተንከራተተ። በየበሩ «እዚህ የለም» አሉት። በመጨረሻው በር የቆመው ዘበኛ ግን የሀብተ ወልድን ስም ሲሰማ ወደ ግቢው ዘወር ብሎ አየና ቋጠሮውን ተቀበለው።

«ነገስ?» አለ ባህረዲን።

«ነገ አታምጣ» አለው ዘበኛው።