ዱኑሳ ላይ ያገኘኋቸው ሴት

ጆሃንስበርግ መሃል ከተማ፣ ከታክሲ ማዞሪያው ብዙም ሳይርቅ፣ ሰልባጅ ልብስ መሬት ላይ ተከምሮ የሚሸጥበት ቦታ አለ። ዱኑሳ ይሉታል። በዙሉ ቋንቋ «አጎንብሰሽ መቀመጫሽን አሳዪ» እንደ ማለት ነው፤ ክምሩ መሬት ላይ ስለሆነ ሌላ የመምረጫ መንገድ የለም። ባለቤቴ ኮዝሞ ሲቲ ሰፈር የነበረውን ሱቅ ከዘጋ በኋላ ልጆቼን ያበላሁት እዚያ ጎንበስ ብዬ ነው። ደህና ደህናውን ለቅሜ፣ አጥቤና ተኩሼ፣ እኛ ሰፈር ሮዘተንቪል ለሚኖሩ የዚምባብዌና የሞዛምቢክ ሴቶች ቤት ለቤት እሸጣለሁ። ከክምሩ ማዶ የሚቀመጡ አሮጊቶች የሚሠሩትን ቅርጫትና ጨሌ ደግሞ አገር ቤት ለሚሄዱ ሰዎች ስጦታ እንዲሆን እይዛለሁ።

ሥራ አያሳፍርም ይባላል። እኔ ግን አፍር ነበር። እናቴ ከሰው ገላ የወለቀ ልብስ ቤታችን አታስገባም ነበርና፣ ዱኑሳ ስሄድ ሻርፔን እስከ አፍንጫዬ እጠመጥማለሁ፤ አበሻ ካየሁም ፊቴን ወደ ክምሩ እደፋለሁ።

አንድ የብርድ ቀን ጠዋት ከክምሩ ውስጥ የወይን ጠጅ ቀለም ያለው ካፖርት እጅጌ ብቅ ብሎ አየሁና ያዝኩት። ብጎትተው እምቢ አለ። ከወዲያ በኩል ሌላ ሴት ሌላኛውን እጅጌ ይዛለች። ጭንቅላታችን ሊጋጭ ሲል ሁለታችንም ቀና አልን።

የፓስተራችን ባለቤት ነበሩ።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን አለባበስ የሚለካው በእሳቸው ነው። እሑድ ከፊት ወንበር ሲነሱ የሴቱ ሁሉ ዓይን ቀሚሳቸው ላይ ነው። ለንደን ያለች እህታቸው እንደምትልክላቸው ሁላችንም እናውቃለን። አሁን እንደኔው ሻርፕ ተጠምጥመው፣ ትልቅ የላስቲክ ከረጢት በክንዳቸው አንጠልጥለው ፊቴ ቆመዋል።

«ሶሪ ሲስተር፣ ውሰጂው» አሉኝ በእንግሊዝኛ።

«ኖ፣ አንቺ ውሰጂው» አልኩ እኔም በእንግሊዝኛ። በእንግሊዝኛ አንቱታ የለምና፣ እናቴን የምታህል ሴት አንቺ አልኩ።

ባለ ክምሯ ደንበኛዬ የሆነች ዙሉ ናት። ሁለታችንን እያፈራረቀች አየችና ሳቀች። «ሁለታችሁም ኢትዮጵያውያን አይደላችሁ እንዴ? ምነው በቋንቋችሁ ብታወሩ? እህትሽ ናት?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«አላውቃትም» አሉ።

እኔ ዝም አልኩ። እሳቸው ካፖርቱን ለቀቁና በሰዉ መሃል ገብተው ጠፉ።

እሑድ ሲደርስ፣ ሌላ ጊዜ አቅፈው ስመው ስለ ልጆቼ የሚጠይቁኝ ሴት በሩ ላይ ጨብጠውኝ አለፉ። ረቡዕ ለሴቶች ጸሎት አልመጡም። አሟቸዋል ተባለ። በሽታቸው እኔ መሆኔ ስለገባኝ፣ እንዳልፈረድኩባቸው ልነግራቸው ቆረጥኩ። ካፖርቱን አጥቤ፣ ተኩሼ፣ ይዤላቸው ሜይፌር ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ሄድኩ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

በሩን የከፈቱልኝ ፓስተሩ ናቸው።

«ምን ይዘሽ መጣሽ ልጄ?»

«ለእሳቸው ነው ፓስተር፤ ካፖርት ነው።»

ከከረጢቱ አውጥተው ዘረጉት። «እንዴት ያምራል። ባለፈው ከለንደን የመጣላት ይመስላል። እህቷ እኮ ናት የምታለብሰን። የልጆቹን ጫማ ሳይቀር ትልክልናለች፤ ጌታ ይባርካት።»

ባለቤታቸው ከኋላቸው ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል። ዓይናቸውን ሳይ ገባኝ። ፓስተሩ ምንም አያውቁም።

ባለቤታቸው ወደ ማዕድ ቤት ጠሩኝና በሩን ገፋ አደረጉት። ድምፃቸው ወደ ሳሎን እንዳይሰማ ቧንቧውን ከፍተው የታጠበ ሳህን መልሰው ማጠብ ጀመሩ።

«ለንደን እህት አለችኝ፤ እሱ ውሸት አይደለም» አሉኝ። «ከላከችልኝ ግን ቆየች። ባለቤቴ ያገኘውን ሁሉ ሱቁ ለተዘረፈበት፣ ለታመመው ያካፍላል። አትስጥ ልለው አልችልም። ስለዚህ ከዱኑሳ አነሳለሁ፣ ፕሪቶሪያ ወስጄ እሸጣለሁ፣ የተረፈውን እንለብሳለን።»

«እኔ ለማንም አልናገርም።»

«ትናገራለሽ ብዬ አልፈራሁም። ማየትሽ ነው የከበደኝ።» ሳህኑን አስቀመጡት። «ልጅሽ ስትወለድ ሆስፒታል አብሬሽ ያደርኩ እኔ፣ አላውቃትም አልኩ።»

«እኔም እኮ ዝም አልኩ» አልኳቸው። እውነቴን ነው። ደህና አደሩ ብላቸው ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ግን የኔም ፍላጎት እንዳልታወቅ ነበር።

ከዚያ ዱኑሳ ላይ ዳግም እንዳንገናኝ ቀን ተከፋፈልን፤ ማክሰኞ እሳቸው፣ ሐሙስ እኔ። አብረን ብንሄድስ የሚል ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ፊታቸውን አይቼ ዋጥኩት።

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ከዱራሜ ገና የመጣች ሴት እሑድ ከአምልኮ በኋላ ግቢው ውስጥ ያዘችኝ። ባሏ ሥራ አጥቷል። «እህቴ፣ አንቺ በምን ትተዳደሪያለሽ? እኔንም መንገዱን አሳዪኝ» አለች። ሴቶች ከበውናል፤ የፓስተሩ ባለቤትም አሉ። ልሸሽጋት አልቻልኩም።

«ዱኑሳ ሰልባጅ እለቅማለሁ» አልኩ። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ።

«ዱኑሳ?» አሉ የፓስተሩ ባለቤት ለስለስ ባለ ድምፅ። «እሱ ደግሞ የት ነው?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ከየት ታክሲ እንደሚያዝ፣ የት እንደሚወረድ፣ በየትኛው ጥግ እንደሚታጠፍ ለእሳቸው አስረዳኋቸው። እንደ እንግዳ ሰው ራሳቸውን እየነቀነቁ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ጌታ የእጅሽን ሥራ ይባርክ» አሉና እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ። ታክሲ ውስጥ ገብቼ ወደ ሮዘተንቪል ስመለስ፣ ያፈርኩት በራሴ ይሁን በእሳቸው መለየት አቅቶኝ መውረጃዬን አልፌ ወረድኩ።