ጆሮ የጠፋች ቀን

ሰፈሩ «ካውያ» ይላታል። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ በአንድ የልብስ ንጽህና መስጫ ውስጥ ልብስ ስትተኩስ ስለኖረች ስሙን ከሥራዋ ያገኘችው ይመስላል፤ ግማሹ ግን የአመሏ ነው። ቶሎ ትግላለች። ደንበኛው ኮሌታው ተጨማዷል ካለ፣ ባለቤቱ እንፋሎቱን ቀንሱ ካለ፣ መብራት ጠፍቶ ከመጣ፣ አፏ አያርፍም። የሩቅ ሰው ሲያያት የምትፈራው ነገር ያለ አይመስለውም። ቤቷ የገባ ግን ያውቃታል፤ የሚጮኸው አፏ ነው እንጂ ልቧ የጫጩት ልብ ነው። ጋዙ መዘጋቱን ሦስት ጊዜ ታያለች። ስልክ ባልታሰበ ሰዓት ከጠራ ከማንሳቷ በፊት ወንበር ፈልጋ ትቀመጣለች።

ይህ ፍርሃት አብሯት አልተወለደም። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አንድ ምሽት ታላቅ እህቷ «ራሴን ፈለጠኝ፣ ምን ይሻለኛል?» አለቻት። ካውያ ቀኑን ሙሉ ቆማ ውላ እግሯ አብጦ ነበርና «ተኚበት፣ ይተውሻል» ብላ ጀርባዋን ሰጥታ ተኛች። ሲነጋ እህቷ በትኩሳት ትቃዥ ነበር። ሐኪም ቤት አርባ ቀን ተኝታ ዳነች፤ መስማቷ ግን እዚያው ቀረ። ሐኪሙ ማታውኑ ብትመጣ ይሻል ነበር አላለም። እህቷም አንድ ቀን አንስታባት አታውቅም። ማንም ስላልወቀሳት የመውቀሱ ሥራ በሙሉ የካውያ ሆነ።

ሁለቱም አላገቡም። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለች ሁለት ክፍል ቤት አብረው ይኖራሉ። ካውያ እህቷን «እትዬ» ትላታለች፤ እትዬም ቃሉን ከከንፈሯ ላይ ታነበዋለች። እትዬ ሥራዋ ጥገና ነው። ብል የበሳውን ሹራብ፣ ሲጋራ ያቃጠለውን ካፖርት ካውያ ከሥራ ቦታዋ ታመጣላታለች፤ እሷ ከልብሱ ከራሱ የውስጥ ጠርዝ ክር መዝዛ ቀዳዳውን ትሸምነዋለች። ስትጨርስ ቀዳዳው የት እንደነበር ባለቤቱም አያገኘውም።

ሦስተኛዋ ነዋሪ ድመት ናት። ግራጫ፣ ወፍራም፣ ኩሩ። ዓይኗን በገለጠች በወሯ በጫማ ካርቶን ገብታ ከዚያ ወዲህ ከደጃፉ ውጭ መዳፏን አሳርፋ አታውቅም። ማንም ሳያስተምራት በሩ ሲንኳኳ ሄዳ የእትዬን ቁርጭምጭሚት ትታከካለች። ወተት ሊገነፍል ሲል ታያታለች፣ ከዚያ ወደ ማእድ ቤት ታያለች። ለዚህ ነው እትዬ «ጆሮ» ብላ የሰየመቻት። ከካውያ ጋር ግን ተኳርፈው የሚኖሩ ናቸው። ድመቷ ከተተኮሰ ልብስ ላይ መተኛት ትወዳለች፣ ካውያ ደግሞ ከተተኮሰ ልብስ ላይ ፀጉር ማየት አትወድም፤ ለአምስት ዓመት ጠብ ይህ ይበቃል።

አንድ ሐሙስ ካውያ አርፍዳ ነበር። የተጠገኑ አራት ካፖርቶች ታቅፋ ወጣች። የቤቱ በር አመለኛ ነው፤ ጎትተው በትከሻ ካልገፉት ምላሱ አይያዝም። እጇ ስላልተረፋት በተረከዟ ገፋ አድርጋው ደረጃውን ወረደች። መሀል ላይ «ተዘግቷል?» የሚል ነገር በልቧ ውልብ አለ። ካውያ ከተጠራጠረች ተመልሳ የማታይ ሴት አይደለችም፤ የዚያን ቀን ግን አልተመለሰችም።

ሥራ ቦታ ስልኳን እንፋሎት እንዳያበላሸው ልብስ መቀየሪያው ክፍል ትተወዋለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውሃ ልትጠጣ ገብታ አየችው። ከእትዬ አንድ መልእክት አለ። «ጆሮ የለችም። በሩ ክፍት ነው። ልፈልጋት ወጣሁ።» የተላከው ስድስት ሰዓት ላይ ነው።

ካውያ ሦስቴ አነበበችው። መጀመሪያ የመጣባት ድመቷ አይደለችም። እትዬ ብቻዋን መንገድ ከተሻገረች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ወደ ገበያ የሚወስደው ጎዳና ደግሞ የጭነት መኪና የማይጠፋበት ነው፤ ሾፌሩ ጥሩምባ ነፍቶ ሰው ዘወር ይላል ብሎ ነው የሚነዳው። ለእትዬ ጥሩምባ የለም። «የት እንዳለሽ ጻፊልኝ» ብላ ላከችና ጠበቀች። መልስ የለም። እትዬ ከወጣች ሦስት ሰዓት ሙሉ አልፏል። ካውያ ሽርጧን ሳትፈታ ወጣች። ባለቤቱ ከኋላዋ «ኧረ ሸሚዞቹ!» ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ አልሰጠችውም።

ቤት ስትደርስ በሩ ተቆልፏል። ከፍታ ገባች። ጠረጴዛው ላይ መርፌ የተሰካበት ሹራብ፣ አጠገቡ የእትዬ ስልክ። የገዛ ራሷ መልእክት እላዩ ላይ በርቶ አየችው። አልጋ ሥር፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ሁሉ አየች። እትዬ ከአልጋ ሥር እንደማትገኝ ታውቃለች፤ እጇ ግን ዝም ብሎ ይከፍታል፣ ይዘጋል።

የሕንፃው ጥበቃ ከታች ወንበሩ ላይ ነበር።

«እህቴን አይተሃል?»

«ቀትር ላይ ወጥተዋል» አለ። «ነጠላ ጫማ አድርገው ነበር። ‹ጆሮዬን አይተሃል?› አሉኝ። እኔ ምን ልበል፣ ጆሮዎት እንዳለ ነው አልኳቸው።»

«ወዴት ሄደች?»

«ወደ ገበያው ይመስለኛል። ፊታቸው ልክ አልነበረም።» ጥበቃው የካፖርቱን ኮሌታ ከፍ አደረገ። «ልከተላቸው ነበር እኮ፤ በሩን ለማን ልተወው?»

ካውያ ወደ ጎዳናው ሮጠች። ነጠላ ጫማ፣ ፀጉሯ ሽበት፣ ቁመቷ እንደኔ፣ እያለች ያገኘችውን ሁሉ ጠየቀች። አንዷ አየኋት አለች፣ ሌላው አላየሁም አለ፣ አንዱ ደግሞ «ጆሮዬን የምትለዋ እብድ?» ብሎ ሳቀ። ሌላ ቀን ቢሆን ልኩን ታሳየው ነበር። አሁን ግን እትዬ በዚህ አፍ መካከል ምንም ሳትሰማ እንዳለፈች አሰበችና መንገዷን ቀጠለች።

መታጠፊያው ጋ ልትደርስ ስትል ፍሬን ሲጮኽ ሰማች። ረጅም፣ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት፤ ከዚያ የሚሰበር ነገር፤ ከዚያ የሰው ጫጫታ። ሰዉ ወደ መሀል መንገድ ጎረፈ። ካውያ ግን ባለችበት ቀረች። የመብራት ምሰሶ ይዛ ቆመች። የፈሩት ይደርሳል የሚባለው በራሷ ላይ ሲደርስ ታያት። ሄዳ ካላየች አልሆነም ማለት ነው፤ ሄዳ ካየች ግን ሆነ። ስንት ደቂቃ እንደቆመች አታውቅም። አንዲት ሴት ከግርግሩ ስትመለስ ካውያ ክንዷን ያዘቻት።

«ማን ነው?» አለቻት። «ሴት ናት?»

«ኧረ ጋሪ ነው። የለስላሳ ሳጥን ጭኖ ተገለበጠ። ሰውዬው ደህና ነው። ምን ሆነሻል?»

ካውያ ምሰሶው ሥር ቁጭ አለች። እዚያው ጎሚስታ ቤት ነበርና ጎሚስታው፣ እጁ እስከ ክንዱ የጠቆረ ሽማግሌ፣ አንድ ኩባያ ውሃ ይዞላት መጣ። ጠጥታ ነገረችው፤ ድመቷንም፣ እህቷንም፣ ሁሉንም እያቀላቀለች።

«ድመቷ ከቤት ወጥታ ታውቃለች?» አላት።

«አንድ ቀንም።»

«እንግዲያው እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አለ ሽማግሌው። «እኔ አይጥ የጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ከመነዳሪውን፣ እየበላ ቢያስቸግረኝ ድመት ሳረባ ኖሬያለሁ። ዙረት የለመደችው ሩቅ ትሄዳለች። የቤት ድመት ግን ፍርሃቷ እግሯን ያስረዋል። ከደጃፏ አልፋ መጀመሪያ ያገኘችው ጨለማ ቦታ ትወሸቃለች። ስሟን ብትጠሪም አትመልስም፣ ድምፅ ካሰማች የምትሞት ነው የሚመስላት። ዝቅ ብለሽ ከቤትሽ ሥር ፈልጊ።»

«እኔ የምፈልገው እህቴን ነው፣ አባባ።»

«ስሚኝ እንጂ። እህትሽ ስሟን እየጠራች ልትፈልግ አትችልም፤ ብትመልስላትም አትሰማም። በዓይኗ ነው የምትፈልግ። በዓይን የሚፈልግ ሰው ሩቅ ሄዶ ሄዶ ወደ ቅርብ ይመለሳል። ድመቷ ያለችበት ታገኚያታለሽ።»

ካውያ ኩባያውን መመለሷንም አታስታውስም።

ከሕንፃቸው ጀርባ የእንጨት መሰንጠቂያ ግቢ አለ። በሩ ላይ ጣውላ የጫነ ትልቅ መኪና ቆሟል። ውስጥ መጋዙ ይጮኻል። ካውያ የአጥሩን ሥር፣ የቱቦውን አፍ፣ የተከመረውን ላስቲክ ጎንበስ እያለች እያየች መጣች። ከዚያ ከመኪናው የኋላ ጎማ አጠገብ ሁለት የነጠላ ጫማ ሶሎች አየች። እግር አለባቸው። እትዬ በሆዷ ተኝታ እስከ ወገቧ መኪናው ሥር ገብታለች።

በዚያው ቅጽበት ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ።

ካውያ ጮኸች። «እትዬ!» ያለችው በሙሉ ድምጿ ነው፤ ያ ሠራተኛውን ሁሉ የሚያንቀጠቅጠው ድምፅ። ድምፁ የትም አልደረሰም። እትዬ አትሰማም፤ ሾፌሩ መስኮቱን ዘግቷል፤ መጋዙም የቀረውን ዋጠው። እግሯን ልትጎትት ብትሮጥ መኪናው ወደ ኋላ ቢል ሁለቱንም ነው። ከዚያ በኋላ ያደረገችውን አስባ አላደረገችውም። በጎኑ ሮጣ ዞረችና ከመኪናው አፍንጫ ፊት ቆማ ሁለት መዳፏን ብረቱ ላይ ለጠፈች። መኪናው አንድ ስንዝር ያህል ገፋት። ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ቆመ።

ሾፌሩ አንገቱን አወጣ። «እብድ ነሽ እንዴ? መሞት ካማረሽ ሌላ መኪና ፈልጊ!»

«ሰው አለ» አለች። የወጣው ሹክሹክታ ነው። በጣቷ ወደ ታች አሳየችው። «እህቴ ከሥር አለች። አትሰማም።»

ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ወርዶ ሲያጎነብስ ያየው ነገር ፊቱን አመድ አስመሰለው። ከዚያ በኋላ መርገጫው ላይ ተቀምጦ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

ካውያ ከእትዬ ፊት ለፊት በሆዷ ተኛች። እትዬ አየቻት፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ወደ ላይ አመለከተች። ከሥር ከተሰቀለው ትርፍ ጎማ በላይ፣ ብረትና ብረት መካከል፣ ሁለት ዓይን ያበራል። ጆሮ ተጠቅልላ ከግማሿ አንሳለች።

ካውያ ድምፅ ሳታወጣ በከንፈሯ ብቻ ተናገረች። ሞተሩ ሲነሳ አላወቅሽም? አለቻት።

እትዬም በከንፈሯ መለሰች፤ ሲነሳ መሬቱ ደረቴ ሥር ተንቀጠቀጠ። ልወጣ ነበር። አየችኝ። ዓይኗን አይቼ እንዴት ብዬ ልውጣ?

ካውያ መቆጣት ፈለገች፤ እዚያ ሥር ሆኖ መቆጣት ግን አይቻልም። በሩን በተረከዜ ነው የገፋሁት፣ አለች። ተመልሼ አላየሁትም። ያን ማታም እትዬ፣ ራስሽን ባመመሽ ማታ...

እትዬ ከንፈሯን አነበበች። ያን ማታ እኔም ደህና እሆናለሁ ብዬ ነበር የተኛሁት፣ አለች። አሁን ወሬውን ተዪና በዚያ በኩል ዝጊባት።

ካውያ ሽርጧን ፈትታ በሁለት እጇ ዘረጋች። እትዬ በጣቶቿ መሬቱን ቀስ እያለች መታች፤ ቤት ውስጥ ድመቷን የምትጠራው እንደዚያ ነው። ብዙ ጠበቁ። ሾፌሩ መርገጫው ላይ ሆኖ እግሩን እንኳ አላነቃነቀም። አንድ መዳፍ ወረደ። ቆመ። ሌላው ተከተለ። ሁለት እርምጃ ሲቀራት ውስጥ ጣውላ ተወረወረ፤ ድመቷ ዘላ ቀጥታ ካውያ ላይ መጣች። ካውያ በሽርጡ አፈነቻት። ጥፍሯ የካውያን ክንድ ከአንጓ እስከ ክርን ተረተረው። አልለቀቀችም። ድምፅም አላወጣች።

ማታ እትዬ ክንዷን አጥባ በፋሻ አሰረችላት። ከዚያ በኋላ ነው ካውያ መንቀጥቀጥ የጀመረችው። እትዬ ብርድ ልብስ ደረበችባትና አጠገቧ ሆና የጀመረችውን ሹራብ ጨረሰች። ጆሮ ሁለት ቀን ከአልጋ ሥር አልወጣችም፤ በሦስተኛው ቀን ወጥታ ወተት ጠጣችና ወደ ተተኮሰው ልብስ ሄደች። ካውያ አይታ አላባረረቻትም።

ሰኞ ዕለት ባለቤቱን ቀትር ላይ አንድ ሰዓት ወደ ቤት ልሂድ፣ ማታ አካክሳለሁ አለችው። አጉረመረመ፤ ካውያ መልሳ ሳትጮህ ቆማ ስትጠብቅ ቢያያት ግራ ገባውና እሺ አለ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ደረጃውን ትወጣለች። ፍርሃቱ አልተዋትም። በሩን ገፍታ መስኮቱ ሥር መርፌው ላይ ያቀረቀረውን የእህቷን ጀርባ እስክታይ ድረስ ትንፋሿን ይዛ ትቆያለች።