ተከራክሬ ያስመለጥኩት ቤት

ወገኖቼ፣ ጌታ ይባረክ! እየፈራሁ ነው ፊታችሁ የቆምኩት። ኢስትሊ ገበያ ጨርቅ ስሸጥ ድምፄ ሦስት ሱቅ አልፎ ይሰማል፤ ማይክ ስይዝ ግን ይጠፋብኛል። ቢሆንም ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር አልቀመጥም። ሃሌሉያ!

ሳሮን ልጄ ናት፤ ያቻት፣ ከባሏ ከኪማኒ ጋር የተቀመጠችው። ጌታን ቀድማኝ ያገኘችው እሷ ናት። እኔ ቤተ ክርስቲያን የምሄደው ለሰርግና ለለቅሶ ነበር። «ማሚ፣ አብረን እንሂድ» ስትለኝ፣ «አንቺ ለሁለታችንም ጸልዪ፣ እኔ ሱቅ አለብኝ» እላት ነበር። ጌታ ግን እንዴት ታጋሽ ነው!

ናይሮቢ ላይ አከራይ ከቤት ቤት እያንከራተተኝ ነው ያሳደግኋት። ስለዚህ አግብታ፣ አርግዛ፣ «ቤት ልንገዛ ነው» ስትለኝ እልል አልኩ። ያለኝን ጨመርኩላቸው። ያ አልበቃኝም፤ «ድርድሩን ለእኔ ተዉት!» አልኩ።

ቤቱ ፓርክላንድስ ሰፈር ነበር። ባለቤቱ ረጋ ያሉ ኬንያዊ ሽማግሌ ናቸው። ሳሮን መስኮቱ ሥር ቆማ፣ «ማሚ፣ የቤቢ አልጋ እዚህ ነው፣ ፐርፌክት!» ስትል ዓይኗ ያበራል። ሽማግሌው ዋጋ ነገሩን። እኔ ሆዬ፣ ከንፈሬን መጥጬ ግማሹን ጠራሁ! ፈገግ ብለው ትንሽ ቀነሱልኝ። «በቃ፣ ትተነዋል!» ብዬ የሳሮንን እጅ ይዤ ወጣሁ። ኢስትሊ ገዢ ጥሎ ሲሄድ ሻጭ ተከትሎ ይጠራል፤ ደንቡ ነው። እስኪጠሩኝ ብዬ ደረጃውን ቀስ እያልኩ ነው የወረድኩት። እሳቸው ግን «ሳዋ፣ ማማ»፣ እሺ እናቴ ብለው በሩን ዘጉ። የእውነቴን መስሏቸው! በማግስቱ ስንደውል ለሌላ ሰው ቃል ሰጥተዋል። «አልፈልግም ያልሽ መስሎኝ ነው፤ ፖሌ ሳና፣ በጣም ይቅርታ» አሉኝ።

ሳሮን ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። አጠገቤ ተቀመጠችና እጄን ይዛ ጸለየች፦ «ጌታ ሆይ፣ ስለ እናቴ አመሰግንሃለሁ። እኔን ለማሳደግ ከሰው ጋር ስትከራከር የኖረች ናት። አሁን አሳርፍልኝ።» ስለ ቤቱ አንድ ቃል የለም! ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። የሚያሳርፈኝ አለ ብዬ አስቤ አላውቅማ። «ይሄን ጌታሽን ለእኔም ንገሪኝ» አልኳት። ያን ቀን ጌታን ተቀበልኩ። ክብር ለስሙ ይሁን!

የፓርክላንድሱ ቤት አልተመለሰልንም፤ ተመለሰ ብዬ አልዋሻችሁም። ልጁ ከተወለደ በኋላ ከከተማ ወጣ ያለ፣ ጠበብ ያለ ቤት ተገኘ። ቤቱን ልናይ ስንሄድ የልጅ ልጄን አቅፌ ጥግ ቆምኩ። አፌን አልከፍትም ብዬ ለጌታ ቃል ገብቻለኋ! ሻጯ ዋጋውን ስትነግረን ሳሮን ኪማኒን አየችው፤ እሱም እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ልጁን ከእጄ ተቀበለችና «ማሚ፣ አንቺ ተናገሪ» አለችኝ።

ወገኖቼ፣ ቤቷን ላሳጣኋት ለእኔ! ተናገርኩ፤ ጥዬ ልውጣ ብዬ ወደ በሩ ግን ንቅንቅ አላልኩም። ዛሬ እዚያ ነው የሚኖሩት፤ ጌታ ይመስገን!

«አንዴ አበላሽቻለሁ፣ ከእንግዲህ ማን ያምነኛል?» የምትሉ እዚህ ካላችሁ ስሙኝ። ልጄ እንዲህ ካመነችኝ፣ እሷን የሰጠኝ ጌታማ እንዴት አብልጦ! ኑ፣ እሱ ላይ ተደገፉ።